ከአንቀጽ ወደ ኤክሴል

ጠበቃ ሳለሁ ሰው የሚደውልልኝ ሲጣላ ነበር። ሽርክና ሲፈርስ፣ ወንድም ወንድሙን ከድርጅት ሲያስወጣው፣ ሥራ አስኪያጅ ማኅተሙን በኪሱ ይዞ ሲሰወር ስልኬ ይጮኻል። ወደ ፋይናንሱ ከዞርኩ ወዲህ የሚደውለው ገንዘብ ያገኘ ሰው ነው። ለሰሚው ዕድገት ይመስላል፤ ከተጣላ ጋር ከመዋል ካገኘ ጋር መዋልን ማን ይጠላል? ነገር ግን የተጣላ ሰው እንዴት ያለ ገር ደንበኛ እንደሆነ የሚታወቀው ካጡት በኋላ ነው። «ጉዳዩ ይከብዳል፤ እንሞክራለን» ሲሉት ያመሰግናል። ሲፈረድበት ዳኛውን ይረግማል፤ ዳኛው ቢቀር ምስክሩን፣ ምስክሩ ቢቀር መዝገብ ቤቱን። ይግባኝ አለ፣ ሰበር አለ። ገንዘብ ያገኘ ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጥፍ እንዲሆንለት። ሳይሆን ሲቀር የሚረገም ዳኛ የለም፣ ሰበር ሰሚ ችሎት የለም። ያለኸው አንተ ነህ።

ሥራ መቀየሬን መጀመሪያ የነገርኳት ለእናቴ ነው። እሷ «ልጄ ጠበቃ ነው» የምትለዋን አባባል ለዓመታት ስትሠራባት ኖራለች። ወረዳ ፋይልሽ ጠፋ ሲሏት ታወጣታለች፤ የታክሲ ረዳት መልስ ሲያስቀርባት ታወጣታለች፤ አንዴ ባለልኳንዳው አጥንት ሲያበዛባት አውጥታት ሠርታለች። በአንድም መዝገብ ቆሜላት አላውቅም፤ ስሙ ብቻ ይበቃት ነበር። ዜናውን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና፣

«አባረሩህ?» አለች።

«ኧረ እኔው ነኝ የለቀቅኩት።»

«እና አሁን ምንድን ነው ሥራህ?»

«የድርጅቶችን ዋጋ እገምታለሁ።»

«ልትገዛቸው ነው?»

«አይ።»

«የሚሸጡት ያንተ ናቸው?»

«አይደሉም።»

«ታዲያ በሰው ንብረት ምን አገባህ?»

ለሥራው ሲፈትኑኝ እንኳ ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ አልገጠመኝም። አጎቴ ነገሩን ሊያቀልላት ብሎ «ያው ደላላ ሆነ ማለት ነው» አላት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሰው የሚከራይ ሰርቪስ ቤቱን፣ የሚሸጥ ቪትዙን ይነግረኝ ጀመር። አንድ ጎረቤታችን ኮሚሽኑን ሳይቀር ቆርጠው መጡ፤ 2 በመቶ። መሥሪያ ቤቴ ከሚያስከፍለው ብዙም አይርቅም።

እናቴን ላጽናናት ብዬ በውጭው ዓለም ከሕግ ወጥተው በገንዘቡ መንደር የተሳካላቸውን ቆጠርኩላት። ክሪስቲን ላጋርድ ቤከር ማኬንዚ የሚባለውን ግዙፍ የጥብቅና ድርጅት በሊቀ መንበርነት የመራች ጠበቃ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም አቀፉን የገንዘብ ድርጅት፣ በ2019 ደግሞ የአውሮፓን ማዕከላዊ ባንክ ወንበር ያዘች። ጄሮም ፓወልም ሕግ ተምሮ ኒው ዮርክ ውስጥ በጥብቅና ከሠራ በኋላ ነው ኢንቨስትመንት ባንክ የገባው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀ መንበር ሆነ። የዋረን ባፌት የረጅም ዘመን ሸሪክ ቻርሊ መንገር የራሱን የጥብቅና ድርጅት ሎስ አንጀለስ ላይ ከሸሪኮቹ ጋር መሥርቶ ብዙም ሳይቆይ ትቶት ወጣ። ስለ እሱ የምትነገር ወሬ አለች፤ ከቀኑ ምርጧን አንድ ሰዓት ለደንበኛ መሸጡን ትቶ ለራሱ ይሸጣት ነበር አሉ። ይህችን ለእናቴ ስነግራት፣ «ለራሱ ስንት አስከፈለው?» አለች።

ለምን ለቀቅህ ለሚለኝ የምሰጠው መልስ አጭር ነው። የአክሲዮን ሽያጭ ውል አርቅቆ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ውሉ ሠላሳ ገጽ ይሆናል። ትርጓሜው፣ የሻጭ ማረጋገጫው፣ የገዢ ግዴታው፣ ከአቅም በላይ የሆነው ምክንያት፣ የግልግል ዳኝነቱ፣ ሁሉም በነጠላ ሰረዝ ሳይቀር ተጠንቅቀህ የጻፍከው ነው። አራተኛው ገጽ ላይ ግን አንዲት ባዶ ቦታ አለች፤ «የሽያጩ ዋጋ ብር ........ (........ ብር) ነው» የምትል። እሷን የምትሞላት አንተ አይደለህም። ሌላ ክፍል ውስጥ፣ ሌሎች ሰዎች፣ በር ዘግተው ይነጋገሩና ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቁጥሯን በስልክ ይልኩልሃል፤ «እስከ ጠዋት አስገብተህ አድርስልን» ከሚል ትእዛዝ ጋር። ሠላሳው ገጽ የተጻፈው ለዚያች ለአንድ መስመር ነው። በዚያ በር ውስጥ ምን እንደሚባል የማወቅ ጉጉት ነው ካባዬን ያስወለቀኝ።

በሩ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የተጣላሁት ከጊዜ ጋር ነው። ለሕግ ሰው ጊዜ ማለት ይርጋ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በጥቅሉ ለውል ጉዳይ 10 ዓመት ይሰጣል፤ ያ እስኪሞላ ድረስ ያበደርከው ሚሊዮን ሚሊዮን ነው፤ አያረጅም፣ አይሻግትም። ስትተኛ ኖረህ በመጨረሻው ሳምንት ክስህን ብታስገባ ሕጉ «እንደምን ሰነበትክ» ብሎ ይቀበልሃል። ለፋይናንስ ሰው ግን ገንዘብ ከተቀመጠበት ሰዓት ጀምሮ ይጎድላል።

የድሮ መዝገቦቼን በዚህ ዓይን ሳያቸው ላብ አጠመቀኝ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ ወለዱ በዓመት 9 በመቶ ነው ይላል፤ ዛሬም ፍርድ ቤት የሚያሰላው በእሱ ነው። እንቁጠረዋ። አንድ ሚሊዮን ብር የተከለከለ ነጋዴ ይከሳል። መልስ፣ ቀጠሮ፣ ዳኛው ዕረፍት ላይ ናቸው፣ ቀጠሮ፣ ፍርድ፣ ይግባኝ፤ አራት ዓመት ሄደ እንበል። ከነወለዱ 1,360,000 ብር ይፈረድለታል። በዚያው አራት ዓመት የዋጋ ንረቱ በዓመት 25 በመቶ ቢሆን (በ2014 ከ30 በመቶ በላይ ያየንበት አገር ነው፤ አጋነንክ አትበሉኝ) ያን ጊዜ በአንድ ሚሊዮን ይገዛ የነበረው ዕቃ 2,440,000 ብር ገብቷል። እኛ «ከነወለዱና ከነወጪው ተፈረደልን» ብለን ክትፎ ቤት እንገባለን። ደንበኛችን ከገንዘቡ ግማሹን ትንሽ አለፍ የሚለውን ይዞ፣ የክትፎውን ሂሳብ ከፍሎ፣ ያመሰግነናል። ተከሳሹስ? የትም ባንክ በማይገኝ ወለድ አራት ዓመት ሙሉ ሲበደር ነው የኖረው፤ ጠበቃው ቀጠሮ ባስረዘመ ቁጥር ብድር እያሳደሰለት ነው። ለተከሳሽ በቆምኩባቸው መዝገቦች፣ ለካ ድሮም ፋይናንስ ውስጥ ነበርኩ።

አዲሷ አለቃዬ በዕድሜ ታናሼ ናት። ይህ ጥብቅና ቤት ውስጥ አይታሰብም፤ እዚያ ሽበት ራሱ ማስረጃ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ የአንድ ዘይት ፋብሪካ ባለቤቶች ድርሻቸውን ሊሸጡ አስበው ዋጋውን ማጥናት ነበር። ያቺን ባዶ ቦታ መሙላት ማለት ነው። እኔም በለመደ እጄ ጻፍኩ፤ «ከዚህ በታች የተመለከተው እንደተጠበቀ ሆኖ»፣ «ይህን የሚያፈርስ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ»። ገጽ በገጽ ላይ ተነባበረ። እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ ትዕግሥቷን እግዜር ይቁጠርላት። ከዚያ ቀና ብላ፣

«ስንት?» አለች።

«እንደ ሁኔታው ነው።»

«ሁኔታዎቹን ቁጠራቸው።»

«የውጭ ምንዛሪ ካገኙ አንድ ነው፣ ካላገኙ ሌላ ነው፤ ደግሞ የጥሬ ዕቃው ዋጋ...»

«ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጠኝ። የመሆን ዕድሉንም በመቶኛ።»

«ባላውቀውስ?»

«ገምታ።»

ገምታ! ሕግ ቤት ኖሬ እንዲህ ያለ ብልግና ተናግሮኝ የሚያውቅ የለም። ችሎት ላይ ምስክር «ይመስለኛል» ካለ ተከራካሪው ወገን ተወርውሮ ይነሣል፤ ዳኛውም «የሚያውቁትን ብቻ ይንገሩን» ይላሉ። እዚህ ግምት በወግ ይስተናገዳል፤ ዓምድ ተሰጥቶት፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ተጨምሮለት ይቀመጣል። «ወደ ሠላሳ ምናምን» ብትል ይስቁብሃል፤ «37.42» ብትል ይጽፉታል።

ኤክሴሉ ላይ አንዲት ሳጥን አለች፤ የወደፊቱን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ የምትመልሰው መቶኛ የተጻፈባት። 22 ይል ነበር። ፋብሪካው በየዓመቱ 10 በመቶ ያድጋል ብለን ይዘናል። አገሩ ትንሽ ቢያስፈራስ በሚል 22ቱን 25 አደረግኩት። ከፋብሪካው ዋጋ አንድ አምስተኛው በነነ። ሠራተኛ አልታመመም፤ ማሽን አልቆመም፤ ጣሪያ አላፈሰሰም። ጠበቃ ሳለሁ የሰውን ድርጅት በአንድ አምስተኛ ለማሳነስ ስንት ዓመት ክርክር ያስፈልገኝ ነበር! 22 ብዬ መለስኩት፤ ፋብሪካው ተመለሰ። በሩ ተዘግቶ ሲነጋገሩ ያመሹት፣ ለካ በዚህች ሳጥን ላይ ነው።

ሕጉ ደግሞ በዕድሜው ርዝመት ያረጋጋኝ ነበር። የንግድ ሕጋችንን ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ማርቀቅ ጀምሮ ሲሞት፣ ያገሩ ልጅ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሰው፤ በ1952 ወጥቶ፣ በ2013 አብዛኛው ክፍሉ በአዋጅ ቁጥር 1243 እስኪተካ ከ60 ዓመት በላይ ኖረ። ተማሪ ቤት የሸመደድከውን የአንቀጽ ቁጥር ጡረታ እስክትወጣ ትበላበታለህ። ፋይናንስ ውስጥ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 የሚባል ሰኞ አለ። 57 ብር ገደማ የነበረ ዶላር ላይ የሠራኸውን ሠንጠረዥ ዘግተህ ለቅዳሜና እሑድ ትሄዳለህ፤ ሰኞ ስትከፍተው ዶላሩ ከ70 በላይ ነው፤ ነሐሴ ሳያልቅ 100 አለፈ። የሸመደድከው ሁሉ የዓርብ ሆኖ ቀረ።

ሁለቱን ሙያዎች ባንድ አዳራሽ ማየት የሚፈልግ የባንክ ባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ይግባ። ኅዳር ሲመጣ የአዲስ አበባ አዳራሾች በባለአክሲዮን ይሞላሉ። በጠበቃነቴ የምቀመጠው ከመድረኩ ጎን ነበር። ሥራዬ ምልዓተ ጉባኤው ሞላ ወይ፣ ውክልናው በሰነዶች ማረጋገጫ ያለፈ ነው ወይ፣ አጀንዳው በጥሪው ላይ እንደወጣው ነው ወይ ማለት ነው። ሪፖርቱ ሲነበብ ቃለ ጉባኤውን አስተካክላለሁ። ባንኩ አትርፎ ይሁን ከስሮ ስንቴ ሳልሰማው እንደወጣሁ እኔው ነኝ የማውቀው። አሁን ከሕዝቡ መሐል ተቀምጬ በቀጥታ የተበላሸ ብድር የተጻፈበትን ገጽ እገልጣለሁ፤ ምልዓተ ጉባኤው ባይሞላ ግድ የለኝም።

በአንዱ ጉባኤ ላይ አንድ ባርኔጣ የደፉ ሽማግሌ ማይክ ያዙ። ሊቀ መንበሩ «አጠር ቢያደርጉልን» አሉ፤ ይህ ባልተባለበት ጉባኤ ሽማግሌ ተናግሮ አያውቅም።

«የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣» አሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው፤ «ዘንድሮም የትርፍ ድርሻችሁን ለካፒታል ማሳደጊያ አውሉት ትሉናላችሁ። አምናም ብላችሁናል፤ እሺ ብለናል። ብሔራዊ ባንክ 5 ቢሊዮን ሙሉ ብሏችኋል፤ እሱም እሺ። ከትርፉ ሩቡን ለመጠባበቂያ ቀነስን አላችሁ፤ እሺ። ግን እኔ 78 ዓመቴ ነው። እናንተ የምትጠባበቁትን እኔ ስንት ዓመት ልጠባበቅላችሁ?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከመድረክ የተሰጣቸው መልስ ጥያቄው ከአጀንዳው ውጪ መሆኑን የሚገልጽ ነበር፤ ትክክል ነው፣ እኔም ወንበሩ ላይ ብሆን እሱኑ ነበር የማሾከሹክላቸው። ዳሩ ግን ሽማግሌው ያሉት በፋይናንስ ትምህርት ቤት ስንት ምዕራፍ የሚፈጅ ጉዳይ ነው፤ ለባንኩ አዋጭ የሆነው ዓመት ለባለገንዘቡ አዋጭ ላይሆን ይችላል። አጠገባቸው የነበረ ጎረምሳ «ታዲያ አክሲዮንዎን አይሸጡትም?» ሲላቸው፣ «ለማን? ላንተ?» አሉት።

ቀልዳቸው አይደለም። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ አክሲዮን የሚገበያዩበት ትንሽ መድረክ ነበር፤ በ1967 ባንክና ኢንሹራንሱ ሲወረስ እሱም አብሮ አከተመ። ከዚያ በኋላ አክሲዮን መሸጥ ማለት የሚገዛ ዘመድ መፈለግ ማለት ሆኖ ኖረ፤ የካፒታል ገበያ አዋጁ ቁጥር 1248 በ2013 ወጥቶ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 እስኪከፈትና ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ እስኪሆን ድረስ። ሽማግሌው ይህን ሰምተው እንደሆነ አላውቅም። በምሳ ሰዓት ሳንድዊች ሁለት ወስደው አንዱን ኪሳቸው ሲከቱ አይቻቸዋለሁ፤ በዚያ ዓመት በእጅ የተከፈለ የትርፍ ድርሻ እሱ ብቻ ነበር።

ወዳጅ ዘመድ ግን ገበያ እስኪከፈት አልጠበቀኝም። በ2017 ጥቅምት ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በቴሌብር መሸጥ ሲጀምር ስልኬ ዕረፍት አጣ። የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፤ ማለትም 9,900 ብር። «ልግዛ?» ይላሉ። የጠበቃ ደሜ «መግለጫውን አንብቡት» ይላል። «አንብበህ ንገረና!» ይላሉ። አንብቤ ስነግራቸው፣ «እሱን ተወውና፣ ልግዛ?» ይላሉ። ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ወደ 10.7 ሚሊዮኑ ነው የተሸጠው፤ ከዚያ ውስጥ 33ቱ ያጎቴ ናቸው። በገዛ በሳምንቱ ደውሎ «ስንት ገባ?» አለኝ። ገና የትም አይገበያይም ብዬ አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝና፣ «ቢሆንም፣ በግምት?» አለ። አለቃዬ ትቅጠረው።

ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ «ታዲያ ይህን ሁሉ ካወቅክ አንተ ለምን አልከበርክም?» ጠበቃ ሳለሁ «አንተ ለምን ማንንም አትከስም?» ያለኝ ሰው አልነበረም።

ባለፈው የሰፈር ዕቁባችን ላይ የሆነውን ልጨምር። ሃያ ነን፤ በወር 5,000 ብር እንጥላለን፤ ዕጣ የወጣለት 100,000 ብር ይወስዳል። ዳኛችን ሾላ ገበያ ቅቤ የሚነግዱ እናት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ዐሥራ ሁለተኛው ዕጣ ለራሳቸው ወጣ። ሠርግ የደረሰበት አንድ ልጅ ብድግ ብሎ፣

«እትዬ፣ ዕጣዎን ይሽጡልኝ» አለ። ብሩን ዛሬ እሱ ሊወስድ፣ እሳቸው በእሱ ቦታ ገብተው ቀሪውን ዕጣ ሊጠብቁ ማለት ነው።

እትዬ ጣሪያውን ትንሽ አዩት። «7,000» አሉ።

ላፕቶፔን ይዤ ነበር፤ ያልተጠየቀ ሰው ኤክሴል ከፈተ። የቀረው ስምንት ዕጣ ነው፤ የመጠበቂያው አማካይ አራት ወር ተኩል። ባንክ በዓመት 18 በመቶ ያበድራል ብንል በወር 1.5 በመቶ ነው። 6,750 ብር ወጣ።

«እትዬ፣ 250 ብር አስበልጠዋል» አልኩ።

«ይኼ ሣጥን ነው የነገረህ?»

«አዎ፣ ሂሳቡ...»

«ሂሳቡ ልክ ነው። ይኼ ልጅ ግን ነገ ያገባል። ካገባ በኋላ ዕቁቡን በወሩ የሚጥል ይመስልሃል? 250ዋ የእሷ ናት።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ሙሽራው ጭምር ሳቀ። 7,000ው ጸደቀ። እትዬ ወደ እኔ ዞረው፣ «በል እሱን እጠፈውና ቃለ ጉባኤውን ጻፍልን፤ አንተ ጠበቃ አይደለህ?» አሉኝ። ደብተሩን ተቀብዬ፣ «የዕቁቡ መተዳደሪያ ደንብ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ገዢው ቀሪ መዋጮውን በየወሩ...» እያልኩ እጄ ሲፍታታ ይታወቀኛል። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና፣

«ዋስ የለበትም» አሉ።

«ማንን ላድርግ?»

«ሙሽራዋን ነዋ! ደውልና ስሟን ከነአባቷ ጠይቃት» አሉት ልጁን፤ ልጁም ስልኩን አውጥቶ ወደ በረንዳው ወጣ።